መንገድ በተዘጋ ጊዜ
ስለ ኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወትና ሥራ ለማኅበር ጥናት የተዘጋጀ ትምህርት



ሰው አንድን መልካም ሥራ ለመሥራት ከልቡ ቈርጦ ሲነሣ፥ መንገዱም በፊቱ ሲዘጋበት ምን ያደርጋል? አንዳንዱ ያጕረመርማል፤ አንዳንዱ ተስፋ ቈርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አንዳንዱም የእግዚአብሔር ፈቃድ አይደለም ብሎ አሳቡን ይተዋል። ዛሬ አብረን የምናጠናው የአንድ አገልጋይ ሕይወት ግን ከእነዚህ የተለየ መልስ ይሰጠናል። ይህ ሰው ወደ ተወለደበት አገር ወንጌልን ይዞ ለመግባት ሃያ ሦስት ዓመት ጠበቀ። መንገዱም በተዘጋበት በዚያ ዘመን የሠራው ሥራ፥ መንገዱ ተከፍቶለት ቢሆን ኖሮ ሊሠራው ከሚችለው ይልቅ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ትምህርት ከማንበባችን በፊት ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈውን አጭር መልእክትና የሐዋርያት ሥራ ሁለተኛ ምዕራፍን አስቀድመን ብናነብ ይጠቅመናል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

፩. ስሙና ልጅነቱ

ኦኔሲሞስ በ1856 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አቅራቢያ፥ ከኦሮሞ ወላጆች ተወለደ። በአገሩ የተጠራበት ስም ሒካ ነበረ። ይህ ስም በኦሮሞ ቋንቋ የተቋጠረውን ከመፍታትና ንግግርን ከመተርጐም ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ያን ስም ያወጡለት ሰዎች ልጁ ወደ ፊት ምን እንደሚሆን አላወቁም፤ እኛ ግን ዛሬ ስናስበው እንደነቃለን።

ሕፃኑ አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ በመበለቲቱ እናቱ እጅም አደገ። በ1869 ዓ.ም. ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። እርሱ ራሱ በኋላ ለሚሲዮኑ በጻፈው ታሪክ እንደ ነገረን፥ እስከ ቀይ ባሕር ጠረፍ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስምንት ጌቶች ተፈራርቀውበታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ልጅ ከእናቱ ሲነጠቅ የሚወሰድበት እናቱና ቤቱ ብቻ አይደለም። ማታ በእሳት ዳር የሚሰማው ተረት፥ ከእኩዮቹ ጋር የሚጠያየቀው እንቈቅልሽ፥ ሽማግሌዎች በሸንጎ የሚናገሩት ምሳሌ፥ እናት ስታስተኛው የምታዜመው ዜማ አብረው ይወሰዱበታል። በአጭር ቃል፥ ቋንቋው ገና ሳይጠነክር ከሥሩ ይነቀላል። ይህን ነገር በልባችን እንያዝ፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

፪. ነጻ መውጣቱና ትምህርቱ

በ1870 ዓ.ም. የስዊስ ተወላጅ የሆነው ቬርነር ሙንሲንገር ልጁን በምጽዋ ነጻ አወጣው፤ በዚያ አቅራቢያ በእምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤትም አስገባው። የሚሲዮኑ መልእክተኞች ወደ ምጽዋ የመጡት በ1866 ዓ.ም. ሲሆን፥ አሳባቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ለመድረስ ነበር። ነገር ግን ወደ መካከለኛው አገር የሚወስደው መንገድ ስላልተከፈተላቸው በጠረፍ ቀሩ። እነርሱ ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ አልቻሉም፤ ከኦሮሞ አገር የተነጠቀው ልጅ ግን ወደ እነርሱ ደረሰ።

ልጁ በትምህርቱ ትጉ ነበረ። በ1872 ዓ.ም. መጋቢት 31 ቀን፥ በትንሣኤ በዓል፥ ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። በመልእክተ ፊልሞና እንደምናነበው፥ የጥንቱ ኦኔሲሞስ ከጌታው ኰብልሎ የነበረ ባሪያ ሲሆን፥ ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ እንደ ልጁ ተቀበለው፤ ወደ ጌታውም ሲመልሰው ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲታይ ለመነለት። የስሙ ትርጓሜ በግሪክ ቋንቋ የሚጠቅም ማለት ነው። በገበያ ዋጋ የተቈረጠለት ልጅ፥ በጥምቀት ዕለት ዋጋው በገንዘብ የማይተመን ስም ተቀበለ።

በ1876 ዓ.ም. ወደ ስዊድን አገር ተልከው በስቶክሆልም አጠገብ በዮሐንስሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ፈጽመው ወደ እምኩሉ ተመለሱና ወይዘሮ ምሕረት ኃይሉን አገቡ። በስዊድን ሊቀሩ ወይም በጠረፍ በሰላም ሊኖሩ በቻሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ተነጠቁበት አገር ለመመለስ ተነሡ።

፫. ሁለት ጊዜ የተዘጋው መንገድ

በደጋው አገር በኩል ለማለፍ ስላልተቻለ፥ ኦኔሲሞስና ጓደኞቻቸው በሱዳን ዞረው በምዕራብ በኩል ለመግባት ተጓዙ። እስከ አሶሳ ደረሱ። አገራቸው ከፊታቸው ሳለ ግን ከዚያ ማለፍ ስላልቻሉ ወደ ፋማካ ተመለሱ፤ በዚያም ኦኔሲሞስ በንዳድ ታመሙ። በ1882 ዓ.ም. ሚያዝያ 10 ቀን በብዙ ድካም ካርቱም ገቡ። ጊዜውም የመሐዲ ዐመፅ በሱዳን የሚቀጣጠልበት ነበረ። ስለዚህ ያ መንገድ ከኋላቸው ተዘጋ።

በ1886 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ተነሡ። በዚህ ጊዜ በሸዋ በኩል ተጕዘው እስከ እንጦጦ ደረሱ። በእንጦጦ ግን ወደ ጠረፍ እንዲመለሱ ታዘዙ። ከዚያ እስከ ምጽዋ ያለውን ረጅም መንገድ፥ ቈላውንና ደጋውን፥ በፈቃድ እጦት ተመልሶ መሄድ እንዴት ያለ ኀዘን እንደሆነ በእግሩ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል።

ብዙ ሰው በዚህ ላይ ታሪኩ አለቀ ብሎ ያስብ ይሆናል። ነገር ግን የኦኔሲሞስ ዋና ሥራ ከዚህ በኋላ ሰፋ።

፬. በእምኩሉ የተሠራው ሥራ

ኦኔሲሞስ ከመጀመሪያው ጕዞ በሕመም ከተመለሱ ጀምሮ፥ እግራቸው ሊደርስበት ወዳልቻለው ሕዝብ መጽሐፍ ሊደርስ ይችላል ብለው በትርጕም ሥራ ተጠምደው ነበር። የመረጡትም ፊደል የግዕዝን ፊደል ነው። ከሁሉ የበለጠውና የከበደው ሥራ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ መመለስ ነበረ።

ነገር ግን ሥራው እየሰፋ ሲሄድ አንድ መራራ ነገር ተረዱ። የገዛ ቋንቋቸው አልበቃቸውም። ከእናታቸው በልጅነት ስለ ተነጠቁ፥ በባዕድ አገርም ስላደጉና ስለ ተማሩ፥ የቋንቋውን ጥልቀት፥ የአነጋገሩን ለዛ፥ ለእያንዳንዱ ነገር የሚስማማውን ቃል በሙሉ አላወቁም። ባሪያ ፈንጋዮቹ በ1869 ዓ.ም. የወሰዱት ምን እንደ ነበረ አሁን በጠረጴዛ ላይ ታየ። ነጻነት በአንድ ቀን ይገኛል፤ የተወሰደ ቋንቋ ግን በአንድ ቀን አይመለስም።

ይህን ሁሉ የተማረ፥ በውጭ አገር የሠለጠነ ሰው፥ የገዛ ቋንቋዬ አይበቃኝም ብሎ መናዘዝ ይከብደዋል። ኦኔሲሞስ ግን ጕድለታቸውን አልሸሸጉም። የጐደላቸውን የምትሞላ አንዲት ወጣት ባገኙ ጊዜም፥ ከእኔ ታናሽ ናት፥ ሴትም ናት ብለው አልናቋትም።

፭. አስቴር ጋኖ

ይህች ወጣት አስቴር ጋኖ ናት። በ1872 ዓ.ም. ገደማ የተወለደች ስትሆን፥ እርሷም በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባርነት ሥር የወደቀች ነበረች። በባሕር ማዶ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ስትወሰድ፥ በ1886 ዓ.ም. የኢጣልያ መርከብ አስጥሎ ነጻ አወጣት። እርሷም በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች።

ዓመቱን እናስተውል። ኦኔሲሞስ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ አገራቸው ለመግባት የሞከሩት በዚሁ በ1886 ዓ.ም. ነበረ። እሳቸው በአንድ በኩል ተከልክለው ሲመለሱ፥ የሚያስፈልጋቸው ረዳት በሌላ በኩል በባሕር መጣች።

ኦኔሲሞስ ይህች ልጅ ብሩህ አእምሮና ስለ ኦሮሞ ቋንቋ ሕያው ስሜት እንዳላት ተረዱ። ስለዚህ የቋንቋውን መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራው ተሰጣት፤ ይህም መዝገብ ትርጕሙን ለማረምና ለማቅናት አገለገለ። አዲስ ኪዳን በኦሮሞ ቋንቋ በ1893 ዓ.ም. ታተመ። ደግሞም አስቴር አምስት መቶ ያህል እንቈቅልሾችን፥ ተረቶችን፥ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ እየለቀመች ጻፈች። ብዙዎቹ በ1894 ዓ.ም. ፊደል ለሚቈጥሩ ተማሪዎች በተዘጋጀው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን መጽሐፍም ተረጐመች፤ ከኦኔሲሞስ ጋርም የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጀች።

አንዳንድ ሰው፥ ተረትና እንቈቅልሽ ለወንጌል ሥራ ምን ይጠቅማል ይል ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። ሕዝብ ቃሉን የሚያኖረው በእነዚህ ውስጥ ነው። የወንጌልን ምሳሌ ለገበሬ ጆሮ የተስማማ አድርጎ ለመተርጐም የሚፈልግ ሰው፥ ገበሬው በቤቱ ምሳሌን እንዴት እንደሚናገር አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ደግሞም ፊደል የሚማር ልጅ አያቱ የነገረችውን ተረት በመጽሐፍ ላይ ሲያገኝ፥ መጽሐፍ የባዕድ ነገር አይሆንበትም።

በ1899 ዓ.ም. ኦኔሲሞስ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ወዳለው ወደ ቅዱስ ክሪሾና ሄደው የመጽሐፍ ቅዱሱን ኅትመት በሚገባ ተቈጣጠሩ፤ ብሉይና አዲስ ኪዳን በአንድነት ታተመ። ባርያ ሆነው የነበሩ ሁለት ሰዎች የደከሙበት መጽሐፍ ለሕዝባቸው ተዘጋጀ። ሆኖም ለትርጕሙ ሥራ አስቴር የሚገባትን ምስጋና አላገኘችም። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ በየማኅበራችን ስማቸው ሳይጠራ የሚደክሙ ብዙዎች እንዳሉ እንድናስታውስ ነው።

፮. ወደ ወለጋ መግባትና የደረሰው ፈተና

በ1904 ዓ.ም. መንገዱ ተከፈተ። ኦኔሲሞስ፥ አስቴርና ሌሎች ጓደኞቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው ወደ ወለጋ ገቡ። ኦኔሲሞስ ከተነጠቁ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖ ነበር። በመጀመሪያ በቦጂ ተቀመጡ፤ በነቀምት የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በመልካም ተቀበሏቸው። አስቴር በነቀምት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆና አገለገለች። ኦኔሲሞስም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ሰበኩ። ለማያውቀው ቋንቋ በአክብሮት ጆሮውን ይሰጥ የነበረው ሕዝብ፥ አሁን በገዛ ቤቱ ቃል ሲነገረው ሰማ።

ከዚህ የተነሣ በአካባቢው ካህናት ዘንድ ቅሬታ ሆነ። በእመቤታችን በማርያም ላይ የስድብ ቃል ተናግረዋል ተብለው ተከሰሱ፤ በ1906 ዓ.ም. በግንቦት ወር በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ ከአገር እንዲወጡም ተፈረደባቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው፥ ወደ ነቀምት እንዲመለሱ፥ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ።

እነሆ፥ መንገዱ ለሦስተኛ ጊዜ ተዘጋ። በዚህ ጊዜ ተዘግቶ የነበረው የእግር መንገድ ሳይሆን አፍ ነበረ። ኦኔሲሞስስ ምን አደረጉ? ወደ ትምህርት ቤት ገብተው ልጆችን አስተማሩ። የስብከት ሰገነት ቢከለከሉም የንባብ ጠረጴዛ አልተከለከሉም ነበርና። በዚህ ሁኔታ አሥር ዓመት ያህል ቈዩ። በ1916 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ብዙም ሳይቈዩ ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም። ከዚያ በኋላ ኦኔሲሞስ መጻሕፍታቸውን እያደሉ፥ ቃሉንም እየሰበኩ ኖሩ፤ በ1931 ዓ.ም. ሰኔ 21 ቀን ዐረፉ። ሕዝቡ አባ ገመቺስ እያለ ይጠራቸው ነበር። አስቴር ጋኖ ከእሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን ኖራ በ1964 ዓ.ም. ዐረፈች። በ1959 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት ለማየት በቅታለች።

፯. ከሩቅና ከቅርብ ሁለት ምስክሮች

ቋንቋን ማክበር ለአንድ ሕዝብ ብቻ የተሰጠ አሳብ እንዳይመስለን፥ በዚያው ዘመን በሩቅ አገር የተደረገ ሌላ ነገር እንጨምር። በስሎቬንያ ተራሮች ሥር፥ በዶቭዬ መንደር፥ ያቆብ አልያዥ የሚባል የካቶሊክ ቄስ ነበረ፤ ዘመኑም ከ1845 እስከ 1927 ዓ.ም. ነው። ዜማ ደራሲና ተራራ መውጣት የሚወድ ሰው ነበረ። በዚያ ጊዜ አገሩ በኦስትሪያ መንግሥት ሥር ስለ ነበረ፥ በተራሮቹ ላይ የጀርመንኛ ተናጋሪዎች ማኅበሮች ይበረቱ ነበር። ቄሱ በ1895 ዓ.ም. 2864 ሜትር ከፍታ ባለው በትሪግላቭ ተራራ ጫፍ ላይ 16 ካሬ ሜትር የምታህል ቦታ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ አነስተኛ የብረት ግንብ አቆመባት፤ በኋላም ለሕዝቡ የተራራ ማኅበር ሰጣት። ቦታዪቱ ከአንድ ጎጆ ወለል አትበልጥም፤ ስሎቬኖች ግን በዚህ ተራራ የእኛ የምንለው ስፍራ አለን ለማለት በቃቸው። በዚያው ዓሥር ዓመት ውስጥ ኦኔሲሞስና አስቴር ለሕዝባቸው ስፍራ በወረቀት ላይ ያዘጋጁ ነበር።

ከቅርብ ደግሞ ጎረቤታችንን ሐርጌሳን እንመልከት። የሶማሌ ሕዝብ ግጥሙንና ታሪኩን በቃሉ ይዞ ብዙ ዘመን የኖረ ነው፤ ቋንቋው ይፋዊ ፊደል የተወሰነለት በ1972 ዓ.ም. ነበረ። ሐርጌሳ በ1988 ዓ.ም. በጦርነት ፈራረሰች። ይሁን እንጂ ከተማዪቱ ከፍርስራሹ ከተነሣች በኋላ፥ በ2008 ዓ.ም. የመጻሕፍት ትርዒት በውስጧ ተጀመረ። ቤቱ የፈረሰበት ሕዝብ ቤቱን ሲሠራ ቃሉንም አብሮ ሰበሰበ። እንግዲህ እግዚአብሔር በበዓለ ኀምሳ እያንዳንዱ ሕዝብ በተወለደበት ቋንቋ እንዲሰማ ማድረጉ በከንቱ አልነበረም። ሰውን በልቡ ቋንቋ ማነጋገር እርሱን ማክበር ነው።

፰. ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ሕይወት ሦስት ነገሮችን እንማራለን።

አንደኛ፥ የተዘጋ መንገድ ሁሉ የተዘጋ ሥራ አይደለም። ኦኔሲሞስ በ1881 ዓ.ም. አገራቸው ገብተው ቢሆን ኖሮ ባዶ እጃቸውን በገቡ ነበር፤ በ1904 ዓ.ም. ግን መጽሐፉን ይዘው ገቡ። ይህን ስንል መከልከል መልካም ነው ማለታችን አይደለም። ሃያ ሦስት ዓመት ረጅም ነው፤ ኀዘኑም እውነተኛ ነበረ። ነገር ግን በመጠበቅ ላይ ያለ ሰው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አልታዘዘም።

ሁለተኛ፥ ጕድለትን ማወቅ የአገልግሎት መጀመሪያ ነው። ኦኔሲሞስ የሚጐድላቸውን ስላመኑ ረዳት አገኙ። በማኅበራችን የሚያስተምር ወይም መዝሙር የሚያዘጋጅ ሰው፥ ከእርሱ የተሻለ ቃል የሚያውቁ አሮጊት በጓሮ ተቀምጠው እንደሆነ ሄዶ ይጠይቃቸው። ያልተማሩ የምንላቸው ሰዎች የቋንቋችን ጎተራ ናቸው።

ሦስተኛ፥ ያልተጻፈ ነገር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በየመንደራችን ሽማግሌዎች ብቻ የሚያውቁት የመዝሙር ዜማ፥ ወንጌል ወደ ስፍራው እንዴት እንደ ደረሰ የሚናገር ታሪክ፥ መጀመሪያ ያመኑት ሰዎች ስም አለ። ይህን የሚያስታውሱት ከመካከላችን በየዓመቱ ይለዩናል። አንዲት ወጣት አምስት መቶ ቃለ ጥበብ ከትዝታዋ መጻፍ ከቻለች፥ አንድ ማኅበር አንድ ደብተር መሙላት እንዴት ያቅተዋል?

ለመወያየት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ኦኔሲሞስ ወደ አገራቸው ለመግባት በሱዳንና በሸዋ በኩል የሞከሩት በየትኞቹ ዓመቶች ነው? ሁለቱስ ሙከራዎች እንዴት ተፈጸሙ?
2. የጳውሎስ መልእክት ለፊልሞና ስለ ባርያውና ስለ ጌታው ምን ያስተምራል? ይህ በዘመናችን በቤታችን የሚያገለግሉትን ሰዎች እንዴት እንድንመለከት ያደርገናል?
3. አስቴር ጋኖ ያደረገችው ሥራ ባይኖር ኖሮ የኦኔሲሞስ ትርጕም ምን ይጐድለው ነበር?
4. በማኅበራችን ስማቸው ሳይጠራ የሚያገለግሉ እነማን ናቸው? እንዴትስ እናመሰግናቸው?
5. በዚህ ዓመት ከሽማግሌዎቻችን አፍ ሰምተን ልንጽፈው የሚገባን ነገር ምንድር ነው? ማንስ ይጽፈዋል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ሳንመልስ እንዳንለያይ እንለምናችኋለን። ጽሕፈቱን የሚይዘው ሰው ከመነሣታችን በፊት ይመረጥ፤ ደብተሩም ይገዛ።

ጸሎት

ጌታ ሆይ፥ የተነጠቀውን የምትመልስ፥ የተናቀውን የምታከብር አንተ ነህ። መንገድ ሲዘጋብን እጃችን እንዳይዝል አበርታን። በየቋንቋችን አንተን ማመስገንን አስተምረን፤ ከእኛ በፊት የደከሙትንም እንዳንረሳ አስታውሰን። አሜን።